ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም

ፊደል ለይታችሁ፣ ቃል መሥርታችሁ፣ አሁን ደግሞ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ለዚህ አበቃችሁ!

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማስረጃ ታሪክ ነው። ማስረጃ ማለት አንድ ነገር መደረጉን ወይም አለመደረጉን የሚያሳይ ነገር ነው። የሰው ቃል ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ደም የነካው ልብስ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ መሬት ላይ የቀረ የእግር ዱካም ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ይህ የዳኞችና የጠበቆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አስቡት። አንድ በሬ ሌሊት ተሰረቀ እንበል። ጠዋት ሰው ይሰበሰባል። «ማንን ትጠረጥራለህ?» ይባላል። አንድ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሰው ተይዞ ይሄዳል። ያ ሰው ወንድማችሁ ሊሆን ይችላል። በሬው የእናንተ ሊሆን ይችላል። ምስክር ሆናችሁ የምትጠሩትም እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እንግዲህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉና እኛም ከሥሩ እንጀምር።

1. ሌባ ሻይ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ የሚፈለግበት አንድ መንገድ ነበር። ሌባ ሻይ ይባል ነበር። «ሻ» ማለት ፈለገ ማለት ነው። ስለዚህ ሌባ ሻይ ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ጢስም ያጤሱታል። ልጁ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡን በመቀነት ወይም በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይሄዳል። በመጨረሻ የገባበትና የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው ይህ ነው» ይባላል። የጠፋውንም ዕቃ እንዲከፍል ይገደዳል።

እስቲ ልብ በሉ። ያ ልጅ ስርቆቱን አላየም። ስለ ነገሩም አልሰማም። ቤቱ የተገባበት ሰው ምን ብሎ ይከራከር? ልጁን «መቼ አየኸኝ? የት አየኸኝ?» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። ልጁ መልስ የለውም። ስለዚህ ንጹሕ ሰው ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት በር አልነበረም። ይህ አሠራር በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የተደረገ አይምሰላችሁ። በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን ተከሳሹን የጋለ ብረት በእጁ ያስይዙት ነበር። ከዚያ እጁ በጨርቅ ይጠቀለላል። በሦስተኛው ቀን ተፈትቶ ይታያል። ቁስሉ ደህና ከሆነ ሰውየው ነፃ ይወጣል። ካመረቀዘ ግን ጥፋተኛ ነው ተብሎ ይቀጣል። ይህን ሥርዓት የሚባርኩት ቄሶች ነበሩ። በ1215 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቄሶች በዚህ ሥራ እንዳይገቡ ከለከለ።

ከዚያ በኋላ ዳኞቹ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለከባድ ወንጀል ሁለት የዓይን ምስክር ወይም የተከሳሹ የእምነት ቃል ይፈለግ ጀመር። ታዲያ ሁለት የዓይን ምስክር ከየት ይመጣል? ሌባ ምስክር ጠርቶ አይሰርቅም። ምስክር ሲታጣ፣ ተከሳሹን እያሠቃዩ ማናዘዝ በሕግ የተፈቀደ ሥራ ሆነ። ለብዙ መቶ ዓመታትም ቆየ። አያችሁ? አንዱ ክፉ ልማድ ሲቀር፣ ደንቡ ካልታሰበበት ሌላ ክፉ ልማድ ይተካል።

2. አውጫጭኝና ሙግት

ወደ አገራችን እንመለስ። ከሌባ ሻይ ሌላ አውጫጭኝ የሚባል ነበር። አፈርሳታም ይባላል። ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስና አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ሰው ሁሉ «ያየኸውን፣ የሰማኸውን አውጣ» ይባላል።

ፈርቶ በምስጢር የሚናገር ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ወፉ ማን እንደሆነ ለሕዝቡ አይገለጥም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ ሲመላለስ ይከርማል። በመጨረሻም የጠፋውን ንብረት ዋጋ በነፍስ ወከፍ አዋጥቶ ይከፍላል።

አውጫጭኝ ጥሩ ጎን ነበረው። «የጎረቤቴ በሬ ቢጠፋ ምን አገባኝ» ማለት አይቻልም ነበር። ሁሉም ሰው እውነትን ለማውጣት ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ወፍ እውነተኛ ወፍ ሊሆን ይችላል። የቂም ወፍም ሊሆን ይችላል። በድንበር የተጣላ ሰው በምስጢር የጠላቱን ስም ቢጠራስ? የተጠቆመው ሰው ማን እንደጠቆመው ካላወቀ፣ «ይህ ሰው ቂም አለው» ብሎ ማስረዳት አይችልም። ፊቱ ያልታየ ምስክር አይጠየቅም። ያልተጠየቀ ምስክር ደግሞ ውሸቱ አይጋለጥም።

በሌላ በኩል የአገራችን ሰው በሙግት ስመ ጥር ነበር። ዳኛ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሕዝቡ ዙሪያውን ከብቦ ይሰማል። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል። ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ። ምስክር ይቆጥራሉ። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳይፈረድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዲሰማ ይላል።

ይህ ሙግት አንደበት ለሌለው ሰው ከባድ ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ያሸንፋል። ውርርዱም ደሀውን ይጎዳል። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ትልቅ እውነት አለ። ምስክር በአደባባይ ይቆማል፤ በአደባባይም ይጠየቃል። የዛሬው ፍርድ ቤት ምስክርን መጠየቁ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

3. የተጻፈው ሕግ ምን አመጣ?

በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሰፊ ሕግ ተተካ። እነዚህ ሕጎች ወንጀል የሚባለው ምን እንደሆነና ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ይናገሩ ነበር። «ሰውየው ወንጀሉን ማድረጉ በምን ይታወቃል? ክርክሩስ እንዴት ይመራል?» ለሚለው ግን ሰፋ ያለ መልስ የሰጠው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

ይህ ሕግ የክርክሩን ተራ ወሰነ። መጀመሪያ ማስረጃ የሚያቀርበው ከሳሹ ነው። በወንጀል ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ምስክሩ ይምላል፣ ወይም እውነት ለመናገር ቃል ይገባል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል።

የመጀመሪያው ዋና ጥያቄ ነው። የሚጠይቀው ምስክሩን ያመጣው ወገን ነው። እዚህ ላይ መልሱን በአፉ ማጉረስ አይፈቀድም። «ከበደ በሬውን ሲነዳ አይተኸዋል አይደል?» ማለት ማጉረስ ነው። «በዚያ ሌሊት ምን አየህ?» ማለት ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መስቀለኛ ጥያቄ ነው። የሚጠይቀው ተቃራኒው ወገን ነው። ምስክሩ የተሳሳተበትን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም የዋሸውን ለማሳየት ይጠይቃል። «ሌሊቱ ጨለማ ነበር ወይስ ጨረቃ ነበረች? ምን ያህል ርቀህ ቆመህ ነበር? ከተከሳሹ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል።

ሦስተኛው ድጋሚ ጥያቄ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ የተደበላለቀ ነገር ካለ፣ መጀመሪያ የጠየቀው ወገን ያጠራዋል።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙ። የከሳሹ ማስረጃ ሲያልቅ ዳኛው ይመዝነዋል። ማስረጃው ወንጀሉን ለማስረዳት የማይበቃ ከሆነ፣ ተከሳሹ አንድም ምስክር ሳያቆም በነፃ ይሰናበታል። ለምን? ሸክሙ የከሳሹ ስለሆነ ነው። ሰርቀሃል ያለ ሰው መስረቁን ማስረዳት አለበት። አልሰረቅሁም ያለ ሰው አለመስረቁን እንዲያስረዳ መጀመሪያ አይገደድም።

ይህን በሌባ ሻይ ዘመን ከነበረው ጋር አስተያዩት። ያን ጊዜ ሸክሙ የወደቀው ቤቱ በተገባበት ሰው ላይ ነበር። በአውጫጭኝ ጊዜ ደግሞ ሸክሙ የወደቀው በመንደሩ ሁሉ ላይ ነበር። ሕጉ ሸክሙን ከዚያ አንሥቶ በከሳሹ ትከሻ ላይ አደረገው። የማስረጃ ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ይህንኑ አጽንቷል። የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። በራሱ ላይ ምስክር እንዲሆን አይገደድም። የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ የመሰከሩበትን የመጠየቅ፣ የራሱንም ምስክር የማሰማት መብት አለው።

4. ያለ ማስረጃ ሲፈረድ

ሕግ በወረቀት መጻፉ ብቻ ግን አይበቃም። የ1954ቱ ሕግ እያለ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። ብዙዎቹ የንጉሡ መንግሥት ባለሥልጣኖች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ሺህ ሰው በጥቆማና በጥርጣሬ ብቻ ሞተ። ከሳሽ አልቀረበም። ምስክር አልተጠየቀም። ዳኛ አልመዘነም። ጠቋሚው በልቡ ምን ቂም እንደያዘ የመረመረ የለም።

ነገር ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። በ1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣኖች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክርክሩ 12 ዓመት ያህል ወሰደ። የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ምስክሮች ቆመው መሰከሩ። የተጻፉ ትእዛዞችና ሰነዶች ከነፊርማቸው ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። ተከሳሾቹም በጠበቃ ተከራከሩ።

«ያለ ፍርድ ለገደለ ሰው ደግሞ ጠበቃና ክርክር ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። አባቱን ያጣ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን ጥርጣሬን በጥርጣሬ ብንመልስ ኖሮ እውነቱ በምን ይለይ ነበር? ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደፈረመ፣ ማን እንደሞተ ተጽፎ የተገኘው ማስረጃ ስለተሰበሰበና ስለተመዘነ ነው።

5. በዱላ የወጣ ቃል

አሁን ደግሞ ሩቅ አገር እንሂድ። ማስረጃና ዱላ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳይ ታሪክ ስላለ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአርጀንቲና አገር ኔኮቼያ የምትባል ቦታ አለች። በ1892 እ.ኤ.አ. እዚያ ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ። እናታቸው አንድ ጎረቤቷን ከሰሰች። ፖሊሶች ጎረቤቱን ይዘው አሠቃዩት። እሱ ግን «አላደረግሁም» እንዳለ ጸና።

በኋላ አንድ መርማሪ ቤቱን ሲፈትሽ በበሩ ላይ በደም የታተመ የጣት አሻራ አገኘ። በዚያን ጊዜ ሁዋን ቩሴቲች የሚባል የፖሊስ ሠራተኛ የሰዎችን የጣት አሻራ እየለየ የሚመዘግብበት ዘዴ አዘጋጅቶ ነበር። አሻራው ሲመሳከር የእናትየዋ ሆኖ ተገኘ። እሷም መግደሏን አመነች። ጎረቤቱ ነፃ ወጣ።

ያ ጎረቤት ዱላው በዝቶበት «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮስ? ንጹሑ ሰው ይቀጣ ነበር። ገዳይዋም በሰላም ትኖር ነበር። ዱላ እውነትን አያወጣም። ዱላ የሚያወጣው ዱላውን የሚያስቆመውን ቃል ነው።

በዚህ ምክንያት የ1954ቱ ሕግ ፖሊስ የተያዘውን ሰው በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በተስፋ እንዳያናግር ከልክሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን አይገደድም ይላል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ከተናገረም ቃሉ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

6. ጣታችሁና እስክሪብቷችሁ

የጣት አሻራ ነገር ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ እስከ ቅርብ ጊዜ በአውራ ጣት ስትፈርሙ ኖራችኋል። አሻራ የማን ጣት እንደነካው ያሳያል። የጣቱ ባለቤት በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማወቁን ግን አያሳይም። ስንት ሰው የማያውቀውን ቃል በጣቱ «የእኔ ነው» ብሎ ፈርሟል!

በ1954ቱ ሕግ አንድ ሰው በፍርድ ቤት የእምነት ቃል ሲሰጥ፣ ዳኛው ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ይጠይቃል። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ይጻፋል። ከዚያ ለተናጋሪው ይነበብለታል። የሚፈርመው ከተነበበለት በኋላ ነው። ተራውን አስተዋላችሁ? መናገር፣ መጻፍ፣ ማንበብ፣ በመጨረሻ መፈረም። ንባብ ከፊርማ በፊት ይመጣል። ዛሬ እናንተ ማንም ሳያነብላችሁ ቃላችሁን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። «ይህን አላልሁም፤ ይታረም» ማለት ትችላላችሁ። ፊደል የቆጠራችሁበት አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

7. እኛስ ምን እናድርግ?

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በክፍል ውስጥ እርሳስ ሲጠፋ፣ ልጆች ቶሎ ጣታቸውን የሚቀስሩት ልብሱ ባረጀው ወይም ከሌላ ቦታ በመጣው ልጅ ላይ ነው። «ሲወስድ አይታችኋል?» ሲባሉ ዝም ይላሉ። አዋቂዎችስ ከዚህ እንለያለን? መንደር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠራው የደሀው፣ የእንግዳው ወይም የተጠላው ሰው ስም አይደለም እንዴ? ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች እናስታውስ።

ሀ) ምስክር ከሆናችሁ ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። «ከበደ ሲሰርቅ አየሁ» ማለትና «ከበደ ሰረቀ ሲሉ ሰማሁ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚባለው ለዚህ ነው። ወሬውን ያወራው ሰው ራሱ መጥቶ ካልተጠየቀ፣ ወሬው ያው እንደ ወፍ ቃል ነው።

ለ) የማታውቁትን «አላውቅም» ለማለት አትፈሩ። «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም። በዝምድና፣ በጉቦ ወይም በቂም በሐሰት መመስከር ግን ወንጀል ነው፤ ያስቀጣል።

ሐ) ወንጀል በተሠራበት ቦታ ዕቃ አታንሡ፤ ደም አትጠቡ፤ ዱካ አትርገጡ። ሰው ሁሉ እየገባ ከረገጠው እውነቱ ይጠፋል። ፖሊስ እስኪመጣ ጠብቁት።

መ) ቃል ስትሰጡ ከመፈረማችሁ በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። ያላላችሁት ከተጻፈ ይታረም በሉ። ባዶ ወረቀት ላይ ከቶ አትፈርሙ።

ሠ) ጎረቤታችሁ ስለተያዘ ብቻ «ሌባ» አትበሉት። መያዝ ሌላ፣ መፈረድ ሌላ ነው። የተያዘው ሰው ልጆች ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ «የሌባ ልጅ» ከተባሉ፣ ዳኛ ሳይቀመጥ እኛው ፈርደናል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ሌባ እንዲያመልጥ የሚፈልግ የለም። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ የክረምት እርሻው ይቀርበታል። ልጆቹም ይራባሉ። ነገር ግን በበሬው ፋንታ ንጹሕ ሰው ቢታሰር በሬው አይመለስም። ሁለት ቤት ይጎዳል እንጂ። እውነተኛው ሌባም ለሚቀጥለው ሌሊት ይዘጋጃል። የማስረጃ ደንብ ሌባን ለማዳን የወጣ አይደለም። ሌባውንና ንጹሑን ለመለየት የወጣ ነው።

ደህና ሰንብቱ።

ለመወያያ

1. በሌባ ሻይ ጊዜ ቤቱ የተገባበት ሰው ራሱን መከላከል ያልቻለው ለምንድን ነው?
2. «አየሁ» እና «ሰማሁ» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡ።
3. አንድ ሰው ቃሉን ሳያነብ ቢፈርም ምን ሊደርስበት ይችላል?